ቴሌቪዥኑ አልተበላሸም

አባዬ፣ እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ እንዴት ነው?

ከቴሌቪዥንህ ዜና ላይ አንስቼ የሳልኩትን ሥዕል ፎቶ በስልክ የላኩልህ ዕለት ስትደውል የመጀመሪያ ጥያቄህ «ቴሌቪዥኑ ተበላሽቶ ነው?» የሚል ነበር። ስቄ አለፍኩት። ግን ጥያቄህ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። በስልክ ማስረዳትም አልሆነልኝም፣ ስለዚህ ልጻፍልህ። ፊደሉን ተለቅ አድርጌዋለሁ፤ መነጽርህ እንደለመደው ቢጠፋ እንኳ ታነበዋለህ።

ቴሌቪዥኑ አልተበላሸም። የራስህ ነው፤ ያ መቀየር እምቢ ያልከው፣ ጀርባው የወፈረው፣ መስታወቱ ጎበጥ ያለው። ልጅ ሳለሁ አፍንጫዬን መስታወቱ ላይ ለጥፌ ስታገኘኝ «ራቂ፣ ዓይንሽ ይጠፋል!» ትለኝ ነበር። ያኔ ዜናውን አልነበረም የማየው። ቀርበህ ስታየው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ነጠብጣብ ብቻ ነው፤ ራቅ ስትል ነው የሰው ፊት የሚሆነው። እኔ ነጥቦቹን ነበር የማየው። ሥዕል የጀመርኩትም ያኔ ይመስለኛል።

«ቴሌቪዥን ያሳየውን መልሶ መሳል ምን ይሉታል?» ብለሃል። ይህን የጠየቅከው አንተ ብቻ አይደለህም። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ሪቻርድ ሃሚልተን በፈረንጆቹ 1970፣ በግንቦት ወር፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ካሜራ ተክሎ መጠበቅ ጀመረ። ምን እንደሚያነሳ አያውቅም። የመጣውን ሊቀበል ነው። የመጣው ከአሜሪካ ነበር። ኦሃዮ ውስጥ፣ ኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ የብሔራዊ ዘብ ወታደሮች ጦርነትን በሚቃወሙ ተማሪዎች ላይ ተኩሰው 4 ሞቱ፣ 9 ቆሰሉ። ሃሚልተን ከስክሪኑ ያነሳው አንድ መሬት ላይ የወደቀ ቁስለኛ ተማሪ ነው። ከዚያ 5,000 ቅጂ አሳተመው። አምስት ሺህ! እንዲህ ያለ ህትመት አብዛኛውን ጊዜ በአስሮች ወይም በመቶዎች ነው የሚወጣው። እሱ ግን ብዙ ሰው ቤት ይግባ አለ፣ እንደ ዜናው።

እዚያ ሥዕል ላይ ልጁ በደንብ አይታይም። ምስሉ መጀመሪያ ፊልም ላይ ተቀረጸ፤ በሳተላይት ውቅያኖስ ተሻገረ፤ መስታወት ላይ ነጥብ ሆነ፤ ፎቶ ሆነ፤ በመጨረሻ ቀለም ሆነ። በየደረሰበት ትንሽ ትንሽ ተሸርፏል። ሃሚልተን ሽርፍራፊውን አልጠገነውም። እኔም ያልጠገንኩት ለዚሁ ነው።

አንዲ ዋርሆልን ታውቀዋለህ፣ የሾርባ ጣሳ የሳለው። የፊልም ተዋናይቷ ማሪሊን ሞንሮ በፈረንጆቹ 1962 ስትሞት አንድ የፊልም ማስታወቂያ ፎቶዋን ወስዶ 50 ጊዜ ደጋገማት። ግማሾቹ በደማቅ ቀለም፤ ግማሾቹ ጥቁርና ነጭ ሆነው እየደበዘዙ ይሄዳሉ። አንድ ዜና በቀን አምስቴ ሲደገም «አየነው እኮ!» ብለህ ፊትህን የምታዞረውን ያስታውሰኛል። መጀመሪያ ሲነገር ግን እጅህን ደረትህ ላይ አድርገህ ነበር። እውነቱን ልንገርህና ዋርሆልን ብዙም አልወደውም። ብልጠት ይበዛበታል።

ልቤ ያለው ጀርመናዊው ሠዓሊ ጌርሃርድ ሪሽተር ጋ ነው። በፈረንጆቹ 1988 ከጋዜጣና ከፖሊስ ፎቶዎች ተነስቶ 15 ሥዕሎች ሠራ፤ እስር ቤት ውስጥ ስለሞቱ የአንድ የታጠቀ ቡድን አባላት ነው። ሁሉም ግራጫ ናቸው። ቀለሙ ሳይደርቅ በደረቅ ብሩሽ ይጎትተውና ጠርዙን ያጠፋዋል። አጣርቼ ልይ ብለህ ስትጠጋ ጭራሽ ይብስብሃል። ቀላል ይመስላል አይደል? ሞከርኩት። አንዴ አብዝተህ ከጎተትክ የሦስት ሳምንት ሥራ ጭቃ ይሆናል። ሁለት ሸራ እንዲህ አድርጌ ነው የጣልኩት።

አሁን ወደ እኔዋ ልምጣ። ባለፈው አንተ ጋ በመጣሁ ጊዜ ማታ ማታ ካሜራ ይዤ አላሳይ ያልኩህ ለዚህ ሥዕል ነበር። የድሮ ቴሌቪዥን ምስሉን መስመር በመስመር ነው የሚጽፈው። በፍጥነት ካነሳኸው ጥቁር ሰንበር ይወጣበታል። ካሜራው ዘግየት ማለት አለበት። ስለዚህ ዘግየት አድርጌ ዜናውን ሳነሳ ዋልኩ፣ አመሸሁ ማለቴ ነው። በአንዱ ምሽት ጎርፍ መሃል ትራስ አቅፋ የምትሻገር ሴት ታየች። ሁለት ሰከንድ ቢሆን ነው። ከዚያ ወደ ስፖርት ዜና ሄዱ። ከብዙ ዕቃ መሃል ለምን ትራሱን እንደመረጠች አራት ወር ሙሉ እየሳልኳት አልገባኝም።

«ጥጉ ላይ ያለው ጥቁር ነገርስ? ቀለም ፈሶብሽ ነው?» ብለሃል።

አባዬ፣ እሱ አንተ ነህ።

መስታወቱ ላይ ያለው ነጸብራቅህ ነው። የውሃው ጥቁር ክፍል ላይ ጭንቅላትህና የወንበርህ መደገፊያ ወጥቷል። መጀመሪያ ላጠፋህ ነበር፣ ይቅርታ። ሦስት ጊዜ በላይህ ላይ ቀባሁ። አንተ ስትወጣ ግን ሴትዮዋ የማንም ቴሌቪዥን ውስጥ ያለች ሴት ሆነች። ስለዚህ ቀለሙን ፍቄ መለስኩህ።

ከጭንቅላትህ በላይ ያለችው የደበዘዘች ነገር፣ ጭስ የመሰለችህ፣ እጅህ ናት። ካሜራው ዘግይቶ ስለነበር ተንቀሳቅሳበት ነው። ትዝ ይልህ እንደሆነ ሴትዮዋ ስትታይ ከወንበርህ ብድግ ብለህ «ኧረ እጇን ያዟት!» ብለህ ነበር።

የዘይት ቀለም ስለሆነ ገና አልደረቀም። ሲደርቅ ይዤው እመጣለሁ። ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ግን እንዳትሰቅለው፤ ብርሃኑ ያንጸባርቅበታል።

ልጅህ