ግንቡ የሚገፋው ውሃ ወዴት ይሂድ? ለቦርከና ወንዝ ዳር ልማት ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፣

ስለ ቦርከና ወንዝ ዳር ግንባታ ያለኝን አቤቱታ መጀመሪያ በቃል፣ ቀጥሎም በጽሑፍ ለጽሕፈት ቤትዎ ማቅረቤን ያውቃሉ ብዬ አምናለሁ፤ የማያውቁ ከሆነ መዝገብ ቤቱ ደብዳቤዬን ተቀብሎ የገቢ ቁጥር ለመስጠትም ሆነ ማኅተም ለማድረግ ፈቃደኛ ስላልነበረ ነው። ከዚያ ወዲህ በጠየቅሁ ቁጥር የሚሰጠኝ መልስ «እንዲህ ያለ ደብዳቤ አልደረሰንም» የሚል ሆኗል። እውነትም ቁጥር የሌለው ደብዳቤ እንዴት ደረሰ ሊባል ይችላል? ስምዎንና የመሥሪያ ቤትዎን መጠሪያ እዚህ ላይ ያልጻፍኩት ለአክብሮት ብቻ አይደለም፤ ነገ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ቢቀመጥም ጥያቄው እዚያው ስለሚጠብቀው ነው።

ልማቱን ልቃወም አልተነሣሁም። ምድር ቤቱ ሱቅና ምግብ ቤት፣ መካከሉ ቢሮ፣ ከላይ ያለው መኖሪያ የሆነ ቅይጥ ሕንፃ፣ በውሃው ዳር የእግረኛ መንገድና የዛፍ ጥላ ያለው፣ ለኮምቦልቻ የሚያስፈልግ ነገር ነው። ከተማችን ለዓመታት ለወንዟ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ቆሻሻዋን እየጣለችበትና የፋብሪካ ፍሳሽ እየለቀቀችበት ስለኖረች ፊቷን ወደ ውሃው ብታዞር ደስ ከሚላቸው ነዋሪዎች አንዱ ነኝ። እርግጥ በንድፉ ላይ ሱቆቹ በሙሉ ወደ አስፋልቱ ዞረው የማእድ ቤቱና የመጸዳጃ ቤቱ መስኮት ብቻ ወንዙን እንዲያይ መደረጉን ስመለከት የወንዝ ዳርነቱ ምኑ ላይ እንደሆነ አልገባኝም፤ ይህን ግን ለአርክቴክቶቹ ልተወው። የእኔ ጉዳይ ግንቡ ነው።

በንድፉ መሠረት ሕንፃዎቹ የሚያርፉበት የወንዙ ዳርቻ በአፈር ሙሊት ከፍ ይልና በውሃው በኩል ቀጥ ያለ የድጋፍ ግንብ ይቆምለታል። ዕድሜዬን በግንባታ ፎርማንነት ስላሳለፍኩ ፕላን ማንበብም ሆነ ግንብ የሚያመጣውን መዘዝ መገመት አያቅተኝም። ወንዝ በክረምት ሲሞላ ከመሄጃው ወጥቶ የሚተኛበት ሜዳ አለው፤ በዚያ ሜዳ ላይ ሲሰፋ ከፍታውም ፍጥነቱም ይቀንሳል። ከሁለቱ ዳርቻዎች አንዱ ተሞልቶ ግንብ ሲቆምበት ግን ያው የውሃ መጠን በጠበበ ቦታ ማለፍ ግድ ስለሚሆንበት ከፍ ይላል፣ ይፈጥናል፣ መከላከያ ወደሌለው ወገንም ይገለበጣል። መከላከያ የሌለው ወገን የእኛ መንደር ነው። ባለፈው ክረምት፣ ያውም ሁለቱም ዳርቻ ክፍት ሆኖ ሳለ፣ ውሃው የጎረቤቴ የቤት በር ላይ ለመድረስ ሁለት ስንዝር ሲቀረው ነው የቆመው፤ የደለሉ ምልክት ዛሬም በአጥሩ ግንብ ላይ ይታያል።

ቦርከና ምን ዓይነት ወንዝ እንደሆነ ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት እንዳይሆንብኝ እሰጋለሁ። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ደግሞ 1850 ሜትር ገደማ ላይ። ከጦሳ ተራራ ሥርና ከደሴ ዙሪያ ገደላገደል የሚሰበሰበው ጎርፍ ይህን ሁሉ ቁልቁለት በአጭር ርቀት ወርዶ ነው እኛ ዘንድ የሚደርሰው። ስለዚህ በሐምሌና በነሐሴ እኛ ጋ ጠብታ ሳይጥል፣ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ፣ ወደ ደሴ በሚያወጣው ከሐረጎ ዳገት ወዲያ በዘነበው ብቻ ወንዙ ደፍርሶ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ ይመጣል። ለልማቱ ማስተዋወቂያ በተሠራው ሥዕል ላይ ግን ዓመቱን ሙሉ ሰማያዊ ሆኖ የተኛ፣ ግራና ቀኙ ዘንባባ የተተከለለት ውሃ ነው የሚታየው። ሥዕሉን የሠራው ሰው ቦርከናን መንምኖ በድንጋይ መሐል በሚሹለከለክበት በጋም፣ ጮኾ በሚወርድበት ክረምትም አላየውም ብል የሚያስተባብለኝ አይመስለኝም።

ይህን ለማስረዳት ቢሮ በሄድኩበት ቀን ባለሙያው በትሕትና ተቀብሎኛል፤ ትሕትናውን አልክድም። ትልቁን የሳይት ፕላን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋልኝና እየተጠቀለለ ሲያስቸግረው አንዱን ጥግ በስቴፕለር፣ ሌላውን በስልኩ አስያዘው። ግንቡን አየሁት፤ ከመሬት በታች የታሰበውን የመኪና ማቆሚያም አየሁት፤ ሱቆቹ እያንዳንዳቸው ቁጥር ወጥቶላቸዋል። ከዚያ በጣቴ ወንዙን ተሻግሬ መንደራችንን ስፈልግ፣ ቤቶቻችን፣ መስጊዱና ወደ ገበያ የምንወጣበት መንገድ መኖር በነበረባቸው ቦታ ላይ የፕሮጀክቱን ስም፣ የምልክቶቹን መግለጫና የሰሜን አቅጣጫ ቀስት የያዘ ሣጥን ተቀምጦበት አገኘሁ። ሰፈራችን የት እንዳለ ብጠይቀው ቀዩን የወሰን መስመር እያሳየኝ «አባባ፣ እናንተ እኮ ከፕሮጀክቱ ክልል ውጭ ናችሁ፤ አያሳስባችሁ» አለኝ። ጎርፉ ቀዩ መስመር ላይ ሲደርስ ማን እንደሚያስቆመው ጠየቅሁት። ዲዛይኑ ተጠናቆ የመጣ በመሆኑ እሱ ሊነካው እንደማይችል ነገረኝና ወረቀቱን ጠቀለለ።

እንግዲህ በደሉ ይህ ነው። ከመስመሩ ውስጥ ብንሆን ኖሮ ስብሰባ እንጠራ ነበር፤ ንብረታችን ይቆጠር፣ ካሳም ይታሰብልን ነበር። ውጭ በመሆናችን ግን ስብሰባውም ካሳውም ሳይደርሰን ጎርፉን ብቻ እንረከባለን። ከግንቡ ማዶ የሚከራየው ሱቅ ደረቅ ሆኖ እንዲቆይ የእኛ መኝታ ቤት ውሃ እንዲገባበት የተወሰነው በየትኛው ቃለ ጉባኤ እንደሆነ ቢነግሩኝ ባላመሰግንም እንኳ ይገባኝ ነበር።

ሕጉን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን፣ በተለይም በፕሮጀክቱ ሊነኩ የሚችሉ ማኅበረሰቦች አስተያየት እንዲካተት ያዛል፤ በፕሮጀክቱ ወሰን ውስጥ ለተገኙት ብቻ ብሎ አይገድብም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 92 ንዑስ አንቀጽ 3 ጉዳዩ የሚመለከተው ሕዝብ ሁሉ ሐሳቡን እንዲገልጽ መደረግ እንዳለበት ይደነግጋል። የከተማ ፕላን አዋጁ ቁጥር 574/2000 ነዋሪውን ስለ ማሳተፍ የሚለውንም ጨምረው ቢያነቡት አይከፋም፤ የግድግዳ ጌጥ እንዲሆን የወጣ አይመስለኝም። ጉዳዩ ተጋነነ የሚሉኝ ከሆነ ደግሞ ድሬዳዋን ያስታውሱ፦ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ የሆነው የደቻቱ ወንዝ በሐምሌ 1998 መጨረሻ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። እዚያም ቢሆን ወንዙ ደረቅ ሲሆን ብቻ ያዩት ሰዎች ነበሩ።

መፍትሔ ማምጣት የእኔ ሥራ አይደለም፤ ደመወዙም አይከፈለኝም። ሆኖም ግንቡን ወደ ኋላ ስቦ ዳርቻውን ውሃ ቢተኛበት በማይጎዳ ሰፋፊ እርከን መሥራት፣ ማቆሚያውን ከመሬት በላይ አድርጎ ሱቆቹን ከፍ ባለ ወለል ላይ ማሳረፍ እንደሚቻል ማንኛውም የግንባታ ሰው ይነግርዎታል። የሚሸጠው ካሬ ሜትር ትንሽ ይቀንስ ይሆናል።

የምጠይቅዎ ሳይቱ ለኮንትራክተር ከመሰጠቱ በፊት የወንዙ ቁርጥ ሥዕል፣ ማለትም ወንዙ ከዳር እስከ ዳር ተቆርጦ ሲታይ የሚያሳየው ንድፍ፣ ሁለቱንም ዳርቻዎች ጨምሮ፣ የክረምቱ ሙላት ከግንቡ በፊትና በኋላ የሚደርስበት ከፍታ ተሰልቶ፣ ከተጽዕኖ ጥናቱ ጋር ለሕዝብ እንዲቀርብ ነው። ስብሰባው አዳራሽ ውስጥ ሳይሆን በእኛ ማዶ ይደረግልን። ጥናቱ ተሠርቶ ከሆነ ለመለጠፍ ከአንድ ቀን በላይ አይፈጅም፤ ካልተሠራም ያልተሠራ መሆኑን በጽሑፍ፣ በቁጥርና በማኅተም ይግለጹልን።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የወንዙ ማዶ ነዋሪ፣ ኮምቦልቻ

ግልባጭ፦
ከፕሮጀክቱ ክልል ውጭ ለሆነው ሕዝብ በሙሉ