ወደ ካናዳ በባለሙያነት ለመሄድ ለምታስቢው ልጄ

ለምወድሽ ልጄ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለፈው ስንነጋገር በባለሙያነት ካናዳ ለመግባት እንዳሰብሽና ጉዳዩን ይጨርስልኛል ላልሽው ሰው ገንዘብ ለመክፈል እንደተዘጋጀሽ ነግረሽኛል። ውሳኔው የአንቺ ነው፤ እናትሽም እኔም አንከለክልሽም። ነገር ግን ለማንም ገንዘብ ከመስጠትሽ በፊት መመዘኛው ምን እንደሆነ፣ አንቺስ ከመመዘኛው አንጻር የት ላይ እንዳለሽ ራስሽ አውቀሽው እንድትገቢበት ስለምፈልግ ይህን ጻፍኩልሽ።

ካናዳ ከ2015 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፍልሻለሁ) ባለሙያዎችን የምትቀበለው በዋናነት ኤክስፕረስ ኢንትሪ በሚባል ሥርዓት ነው፤ ኬቤክ የምትባለው ክፍለ ሀገር ግን ሰው የምትመርጥበት የራሷ መንገድ አላት። መረጃሽን በኢንተርኔት ሞልቶ ፕሮፋይል መክፈት ክፍያ የለውም። ከካናዳ ውጭ በሠራው ሥራ የሚያመለክት ሰው በቅድሚያ ከ100 ነጥብ ቢያንስ 67 ማግኘት አለበት፤ ይህን ካለፈ በኋላ ደግሞ በ1,200 ነጥብ በሚለካ ሌላ ሚዛን ከሌሎች አመልካቾች ጋር ይወዳደራል። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ማለፍ ብቻ የሚበቃ እየመሰለው ይሳሳታል።

የአንቺን ነጥብ ቁጭ ብዬ አስልቼዋለሁ። ዕድሜሽ 29 በመሆኑ 12፣ የመጀመሪያ ዲግሪሽ 21፣ ከአራት ዓመት በላይ የሆነው የምሕንድስና ሥራሽ 13 ያስገኝልሻል። በእንግሊዝኛ ፈተና፣ ማለትም በአይኤልትስ ጄኔራል፣ በአራቱም ዘርፍ ዝቅተኛውን 6 ብታመጪ 16 ይጨመርና ድምሩ 62 ይሆናል። በዚህ አታልፊም። አክስትሽ ካልጋሪ ቋሚ ነዋሪ በመሆኗ 5 ነጥብ ይታሰብልሻል፤ ያኔ ልክ 67 ይሞላል፣ አንዲት ትርፍ ግን አይኖረውም። በውድድሩ ሚዛን ላይ ደግሞ ነጥብ የሚሰጠው ወንድም ወይም እኅት ላለው ስለሆነ አክስት አትቆጠርም።

ስለዚህ ከሁሉ በላይ ቋንቋው ላይ እንድትበረቺ እለምንሻለሁ። ያላገባች አመልካች ሆነሽ በየዘርፉ 6 ብታመጪ የውድድር ነጥብሽ 336 ነው፤ በማዳመጥ 8፣ በማንበብ፣ በመጻፍና በመናገር 7 ብታመጪ ግን 429 ይደርሳል። በዚህ መካከል ያለው የ93 ነጥብ ልዩነት የመጣው ቋንቋው ለብቻው ከሚያስገኘው በተጨማሪ ከዲግሪሽና ከሥራ ልምድሽ ጋር ተጣምሮም ስለሚቆጠር ነው። 429 ራሱ ዋስትና እንዳልሆነም ልደብቅሽ አልፈልግም፤ ካናዳ ከተወዳዳሪዎቹ ከፍተኛ ነጥብ ያላቸውን በየጊዜው እየመረጠች እንዲያመለክቱ ትጠራለች፣ በ2024 ለሁሉም ሙያ ክፍት በነበሩት ምርጫዎች የተጠየቀው ነጥብ ከ500 በላይ ነበር። ከ2023 ጀምሮ ግን በሙያ ወይም በቋንቋ ችሎታ ተለይቶ የሚደረግ ምርጫ አለ፤ በተለይ ፈረንሳይኛ የሚችሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ በዝቅተኛ ነጥብ ይጠራሉ፣ በፈረንሳይኛ ፈተና በአራቱም ዘርፍ በካናዳ የቋንቋ መለኪያ ደረጃ 7 ከደረሱም ከእንግሊዝኛቸው ጋር እስከ 50 ነጥብ ይጨመርላቸዋል። ፈረንሳይኛ የሚያስተምረው አሊያንስ ኢትዮ-ፍራንሴዝ ለሥራ ቦታሽ ሩቅ አይደለም፤ ለሰውየው ልትከፍዪ ያሰብሽውን ገንዘብ ለትምህርቱ ብታውዪው እኔ ደስ ይለኛል። ዕድሜ 30 ሲሞላ 110 የነበረው የዕድሜ ነጥብ ወደ 105 እንደሚወርድና በየዓመቱ መቀነሱን እንደሚቀጥልም አስቢበት።

ሁለተኛው ትልቅ ጉዳይ የሥራ ልምድ ማስረጃሽ ነው። በሰው ኃይል አስተዳደር ባገለገልኩበት ዘመን ይህን ዓይነት ደብዳቤ ለብዙ ሠራተኞች ስለጻፍኩ የእኛን አገር አጻጻፍ አውቀዋለሁ፤ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በዚህ የሥራ መደብ፣ በዚህ ደመወዝ መሥራትሽንና የሥራ ግብርሽ ተቀንሶ ለመንግሥት ገቢ መደረጉን ገልጾ ያበቃል። ለአገር ውስጥ ቅጥር ይህ በቂ ነው። የካናዳ መርማሪ ግን በዋነኛነት የሚፈልገው በየዕለቱ ምን ትሠሪ እንደነበር ነው፤ ምክንያቱም የሚመዝነው የመደብሽን ስም ሳይሆን የሠራሽው ሥራ በአገሪቱ የሙያ ዝርዝር ውስጥ ለሲቪል መሐንዲስ ከተጻፈው ጋር መስማማቱን ነው። ዋና ዋና ተግባሮችሽ፣ በሳምንት የሠራሽው ሰዓት፣ ደመወዝሽና ጥቅማ ጥቅምሽ በድርጅቱ አርማ ባለው ወረቀት ላይ በግልጽ መስፈር አለባቸው፤ ቀኖቹም በፈረንጅ አቆጣጠር ይቀመጡ። ቢያንስ አንድ ዓመት ሳይቋረጥ፣ ማለትም 1,560 ሰዓት፣ ደመወዝ እየተከፈለሽ የሠራሽው ሥራ ሊኖር ይገባል፤ ያለ ክፍያ የተለማመድሽባቸው ወራት አይቆጠሩም።

ዲግሪሽ ካናዳ ባጸደቀችው መዛኝ ተቋም መመዘን ስላለበት የወጪ መጋራት ዕዳሽን ጨርሰሽ ዋናውን ዲግሪ ከዩኒቨርሲቲው አውጪ፤ ስምሽ በዲግሪውና በፓስፖርትሽ ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፉንም ተመልከቺ። በካናዳ መሐንዲስ ተብሎ ለመሥራት የሚያስፈልገው ፈቃድ ከዚህ ሁሉ የተለየ መሆኑንና በየክፍለ ሀገሩ ማኅበር እንደሚሰጥ ከወዲሁ እወቂ።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ፣ በ2025 በወጣው መጠን ለአንድ ሰው ከ15 ሺህ የካናዳ ዶላር በላይ በባንክ ሊኖርሽ ይገባል። ከሰው ተበድረሽ ለጊዜው የምታስቀምጪው አይሆንም፤ ባንኩ የስድስት ወር አማካይ ቀሪ ሂሳብሽንና ዕዳሽን ጨምሮ ይጽፋል። ብር በሐምሌ 2024 በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ ይህ መጠን ለእኛ ቤተሰብ ቀላል አይደለም፤ እናትሽና እኔ የምንችለውን በስጦታነት በጽሑፍ አረጋግጠን አስቀድመን በስምሽ እናስገባለን።

አንድ ነገር አጥብቄ አሳስብሻለሁ። ሰውየው ከእጮኛሽ ጋር ብትጋቡ እንኳ ያላገባሽ መስለሽ አመልክቺ እንዳለሽ ሰምቻለሁ። እንዳታደርጊው። ሐሰተኛ መረጃ ማቅረብ ከካናዳ ለአምስት ዓመት ያሳግዳል፤ በማመልከቻሽ ያላሳወቅሽውን ባል ደግሞ በኋላ በቤተሰብነት ለማምጣት ብትጠይቂ ሕጉ በመርህ ይከለክልሻል። ጋብቻችሁ ከማመልከቻው በኋላም ቢሆን ቋሚ ነዋሪ ሆነሽ ከመግባትሽ በፊት ከሆነ አሳውቂ። ይህ ሰው አመጣልሻለሁ ያለው የሥራ ቅጥር ደብዳቤም ከማርች 2025 ጀምሮ በውድድሩ ሚዛን ነጥብ አያስገኝም፤ የተገዛ ወረቀት ከሆነ ደግሞ የሚያስጠይቀው አንቺን ነው። ረዳት የግድ ካስፈለገሽ በካናዳ የኢሚግሬሽንና የዜግነት አማካሪዎች ኮሌጅ መዝገብ ላይ ስሙ መኖሩን በኢንተርኔት አይተሽ ምረጪ።

የአክስትሽን ዝምድና ለማስረዳት የእኔና የእርሷ የልደት ማስረጃ ስለሚያስፈልግ የእኔን ከወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ለማውጣት ጀምሬአለሁ፤ የእርሷንም እንድትልክልን ጠይቄአታለሁ። አንቺ በሁለቱም መሥሪያ ቤቶች የሠራሽውን ሥራ በዝርዝር ጽፈሽ ላኪልኝ፤ አሠሪዎችሽ አይተው የሚፈርሙበትን ረቂቅ እኔ አዘጋጅልሻለሁ።

የሚወድሽ አባትሽ