በመንዝ ውርጭ ለደረሳችሁልን ሁሉ የቀረበ ምስጋና

ይድረስ በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ፣ በመሐል ሜዳና በዙሪያዋ ለምትኖሩ ወገኖቼ፣ እንዲሁም አብራችሁኝ ለደከማችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፦

በዳይሬክተርነት የሠራሁት የመጀመሪያ ፊልም ባለፈው ሳምንት ተመርቆ ለሕዝብ ቀርቧል። በምርቃቱ ምሽት መድረክ ላይ ቆሜ ላመሰግናችሁ ብሞክርም ሲቃ ይዞኝ ከሁለት ዐረፍተ ነገር በላይ መናገር አልቻልኩም። ያን ዕለት በአንደበቴ ያልሆነልኝን ዛሬ በጽሑፍ ለመፈጸም እወዳለሁ።

እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። በ1990ዎቹ በቪዲዮ ካሜራ የተቀረጹ የአማርኛ ፊልሞች የአዲስ አበባን ሲኒማ ቤቶች ሲሞሉ፣ እኛ ዘግይተው ሲደርሱን በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተፋፍገን እናያቸው ነበር። ከትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ተነሥቼ፣ 130 ኪሎ ሜትሩን ተጉዤ አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ 12 ዓመት በተዋናይነት ሠርቻለሁ። እንጀራ የሰጠኝን ሙያ አላማም። ይሁን እንጂ የሚሰጠኝ ገጸ ባሕርይ ሁልጊዜ መኪና የሚነዳ የከተማ አፍቃሪ ሲሆን፣ በርኖስ ደርበው በብርድ የሚያርሱት፣ እኔን ያሳደጉኝ ሰዎች ግን በሠራሁባቸው ፊልሞች ውስጥ ብቅ የሚሉት ለሣቅ ብቻ ነበር። ይህ ለዓመታት ሲከነክነኝ ኖሮ ነው፣ ልጇን ስለቀበረች አንዲት እናት የጻፍኩትን ታሪክና ያጠራቀምኩትን ጥቂት ገንዘብ ይዤ ወደ መንዝ የወጣሁት።

ቀረጻውን በኅዳር ወር ጀመርን። በስድስተኛው ቀን ግማሹን ወጪ ሊሸፍን ቃል የገባልን ወገን ታሪኩ ገበያ የለውም ብሎ እጁን ሰበሰበ። እኛ 14 ነበርን፤ በእጃችን የቀረው ከ3 ቀን መኝታና ምግብ የማያልፍ ገንዘብ ነበር። ማታውን ባልደረቦቼን ሰብስቤ ዕቃችሁን ሸክፉ አልኳቸው። ወሬው በምን እንደወጣ ሳላውቅ፣ ጠዋት የአካባቢው ሽማግሌዎች መጥተው «እንግዳ ሥራውን ሳይጨርስ ከደጃችን አይመለስም» አሉን። በዚያው ቀን ሁለት ሁለት ሆነን በየቤቱ ተመደብን። የነቢያት ጾም ነበርና እልበቱና ሽሮው፣ ቆሎውና በሶው እየቀረበልን 17 ቀን ቆየን። ለአንድ ሌሊትም ሆነ ለአንድ ማዕድ ገንዘብ የተቀበለን ሰው የለም።

ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው አገር፣ በውርጭ ወራት ፊልም መቅረጽ ምን እንደሚመስል ያየው ያውቀዋል። ብርድ የባትሪን ኃይል ቶሎ ስለሚያደክም፣ ማታ ሞልተን ያሳደርነው ባትሪ ጠዋት ገና ሁለት ትዕይንት ሳንቀርጽ ይሞትብን ነበር። እኔን ያሳደሩኝ እናት ይህን ሲያዩ፣ ባትሪዎቹን ለቃቅመው በነጠላቸው ጠቀለሉና ከሚለብሱት ባና ሥር ከጎናቸው አስተኟቸው። ሲነጋ አንድ በአንድ ቆጥረው ሲያስረክቡኝ ከዶሮ ሥር እንደወጣ እንቁላል ይሞቁ ነበር። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ሁላችንም ባትሪ በብብታችን ይዘን መውጣት ጀመርን። ብርሃን መመለሻ ሰሌዳ ስላልነበረንም ሁለት የሠፈሩ ወጣቶች ነጭ ጋቢ ግራና ቀኝ ወጥረው በመያዝ የጠዋቱን ፀሐይ ወደ ተዋናዮቻችን ፊት ይመልሱልን ነበር፤ እጃቸው በብርድ ሲደነዝዝ እንኳ አላወረዱትም።

ኃይሌ ገሪማ በ1960ዎቹ ሙያተኛ ተዋናይ ካልሆኑ ገበሬዎች ጋር ፊልም መሥራቱን ከጀማሪነቴ አንሥቶ ስሰማ ኖሬያለሁ። ለምን እንዳደረገው ግን የገባኝ ምድጃ ዳር ነው። አንድ ምሽት ለእኚሁ እናት ዋናውን ትዕይንት አነበብኩላቸው። እናቲቱ ከቀብር ተመልሳ አንድ ሙሉ ገጽ ትናገራለች፤ ተዋናይ የሚወደው ዓይነት ንግግር ነው፣ እኔም በጣም ወድጄው ነበር። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙኝና፣ «ልጄ፣ ልጇን ቀብራ የመጣች ሴት ይህን ሁሉ አታወራም። ሰዉ ለእርሷ ብሎ ስላልበላ ‹ቅመሱ እንጂ› ትላለች» አሉኝ። በማግሥቱ ገጹን ሰረዝኩት። ንግግሩን በቃሏ የያዘችው ዋና ተዋናይታችን ቅር ሳይላት፣ አገልግሉን ከፍታ ያችን አንዲት ቃል ብቻ ብላ ቀና አለች። በምርቃቱ ምሽት አዳራሹ ፍጹም ጸጥ ያለው በዚህች ቃል ላይ ነው።

በመንዙ የጓሳ የሣር ምድር ዳርቻ ጉሙ እስኪገለጥ 4 ቀን አብረውን የተቀመጡትን አባት በተለየ አመሰግናለሁ። ሣሩን ለዓመታት ከልሎ፣ ሲደርስ በወል የሚያጭድ ሕዝብ መጠበቅን ያውቅበታል፤ እኔ ስቁነጠነጥ እርሳቸው አንድም ቀን «መቼ ነው የሚያልቀው?» ብለው አልጠየቁኝም። ካሜራውን ያለ ኪራይ ላመጣኸው ወንድሜ፣ ክፍያችሁን ትታችሁ ለቀራችሁ የድምፅና የመብራት ባለሙያዎች፣ በሌሊት ጭምር ቅንብሩን ለሠራሽልኝ እህቴ ያለብኝ ውለታ ተከፍሎ የሚያልቅ አይደለም።

ከፋሲካ በኋላ ፊልሙን ይዤ ወደ መሐል ሜዳ እወጣለሁ፤ በአዲስ አበባ ያየው ሰው ሁሉ ቢያመሰግነኝም እናንተ እስክታዩት ድረስ እንደተመረቀ አልቆጥረውም። እናቴ፣ ስሸኝ ያለበሱኝ ባናም እኔ ዘንድ በደኅና አለ፤ ይዤልዎት እመጣለሁ።

አክባሪ ልጃችሁ