የሳይክሉ ብር ለካንሰር መዝገብ ይዋል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

በድሬዳዋ ለካንሰር ምርምር ስለተደረገው የሳይክል ጉዞ ያወጣችሁትን ዜና አየሁት። ማን ንግግር እንዳደረገ ጽፋችኋል። ማን ሪባን እንደቆረጠ ጽፋችኋል። ፎቶውም ቆንጆ ነው፤ እኔም ከኋላ በኩል ግማሽ ፊቴ ይታያል። ብሩ የት እንደሚሄድ ግን አንድ መስመር የለም። ሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ገቢ ተነግሮ ወጪው ሲቀር ዝም ማለት አይሆንልኝም።

ጉዞውን ያሰናዱትን ልጆች ለማማት አይደለም። ለፍተዋል። ድሬ ደግሞ ለሳይክል የተመቸች ከተማ ናት። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ደርሶ ከተማዋ ስትቆረቆር ሜዳ ላይ ነው የተተከለችው። የከዚራ መንገድ ቀጥ ያለ ነው፣ ዛፉም ያጠላል። የምድር ባቡር ሠራተኛ ጠዋት ወደ ወርክሾፕ ሲገባ፣ ማታ ሲወጣ በሳይክል ነበር። እኛም ልጅ ሆነን በሳንቲም እየተከራየን ነው የተማርነው። ወድቀን ጉልበታችን ሲላጥ ለእናቶቻችን አንናገርም፤ ዱላ ይጨመርበታላ! ባጃጅ ከመጣ ወዲህ ሳይክሉ ቀነሰ እንጂ ጨርሶ አልጠፋም። ስለዚህ ለካንሰር ሳይክል እንንዳ ሲባል ማንም አልተግደረደረም። አሮጌው ፎኒክስ ከግድግዳ ላይ ወርዶ፣ ካቴናው ዘይት ተቀብቶ፣ ከመነዳሪው ተለጥፎ መጣ። ሒጃብ የለበሱ ልጃገረዶች ነዱ። ሳይክሉን አይሱዙ ላይ ጭኖ ደንገጎን ወርዶ ከሐረር የመጣ ቡድንም ነበር። (ጁገል ውስጥ፣ በዚያ ዳገትና ቀጭን መንገድ ሳይክል የሚለማመድ ሰው ካለ አድናቆቴ ይድረሰው።)

ቀጠሮው ጠዋት 12 ሰዓት ነበር። የክብር እንግዳው እስኪመጣ፣ ንግግሩም እስኪያልቅ 2 ሰዓት አለፈ። የድሬን ፀሐይ ለድሬ ሰው አላስረዳም። ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ተነሥተን፣ ከዚራን ዞረን፣ የደቻቱን ድልድይ ተሻግረን ወደ መጋላ ገባን። ባጃጆች በጡሩምባ አጀቡን። አንድ ጎሚስታ "ለካንሰር ከሆነ ሒሳብ የለም" ብሎ የስንቱን ጎማ በነፃ ነፋ።

ቀፊራ አጠገብ ውሃ ልጠጣ ስቆም ቲማቲም የሚሸጡ አንዲት እናት "አቦ፣ ይሄ ሁሉ ሳይክል የት ሊሄድ ነው?" አሉኝ።

"ለካንሰር ነው እማማ፣ ብር እያሰባሰብን ነው።"

"ወላሂ ጥሩ ነው። ለበሽተኛው ነው የምትሰጡት?"

"አይ፣ ለምርምር ነው።"

ትንሽ አሰቡና "እሱስ ለማን ነው?" አሉኝ። ቡድኑ እየራቀኝ ስለነበር መልሱን እዚህ ልጻፈው።

ጥያቄያቸው የብዙ ሰው ጥያቄ ነው። ጎረቤት የመሳፈሪያ አጥቶ የሐኪም ቀጠሮው ሲያልፍበት እያዩ ለምርምር ማዋጣት ጭካኔ ይመስላል። ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ከእኛ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ነው። ታማሚው ይሄዳል፣ ወረፋ ጠብቅ ይባላል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይሄዳል። ዛሬ ሐረር ላይ፣ ሕይወት ፋና ሆስፒታል የካንሰር ሕክምና መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። ቢሆንም የመድኃኒቱ ዋጋ፣ የምርመራው ክፍያ፣ የአስታማሚው ማደሪያ ቤተሰብን ያራቁታል።

ለታማሚ ማዋጣት ግን እናውቅበታለን። እድሩ አለ፣ መስጊዱ አለ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አለ። የሰፈር ልጆች ካርቶን ይዘው ይዞራሉ። ሰው የሚያውቀውን ፊት ያያልና እጁን ይዘረጋል። ለምርምር ማን ያለቅሳል? ማንስ ካርቶን ይዞ ይዞርለታል? ለዚህ ነው ለምርምር ተብሎ የተሰበሰበ ብር ለምርምር ይዋል የምለው። ምርምሩ ደግሞ የግድ ውድ ላቦራቶሪ አይደለም። ከሁሉ በፊት መቁጠር ነው።

አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የከተማውን ነዋሪ የሚመለከት የካንሰር መዝገብ አለ። አሠራሩን ሳነብ የራሴን ሥራ ያነበብኩ መሰለኝ። መዝጋቢዎች በየሆስፒታሉና በየላቦራቶሪው ካርድ ያገላብጣሉ። የታማሚውን ዕድሜ፣ ፆታ፣ አድራሻ፣ ካንሰሩ የጀመረበትን የሰውነት ክፍል፣ መቼና በምን ምርመራ እንደታወቀ ይጽፋሉ። አንድ ሰው ሦስት ቦታ ታክሞ ከሆነ ሦስት ሰው ሆኖ እንዳይቆጠር ያጣራሉ። ከዚያ ድምሩን ከሕዝቡ ብዛት ጋር ያገናዝባሉ። በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ የጡት ካንሰር አንደኛ፣ የማሕፀን በር ካንሰር ሁለተኛ ነው ሲባል እንሰማለን። ለእንዲህ ያለው አገራዊ ግምት ትልቁ መነሻ ይኸው የአዲስ አበባ መዝገብ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ግን እንደ እኛ አይኖርም። እንደ እኛ በዚህ ሙቀት አይውልም፤ እንደ እኛም አይቅምም።

አዎ፣ ጫቱን አነሣሁት። በርጫ ላይ አንዱ "የሚረጩበት መድኃኒት ነው ካንሰር ያመጣው" ይላል። ሌላው "አባቴ ዕድሜ ልኩን ቅሞ ምን ሆነ?" ይለዋል። ክርክሩ እስከ ማታ ይዘልቃል፤ ሁለቱም ግን አያውቁም። ጫት ላይ ፀረ ተባይ እንደሚረጭ አወዳይን የረገጠ ሁሉ ሰምቷል። ሰውነት ላይ ምን እንደሚያደርግ ለመናገር መጀመሪያ የታመመው ማን እንደሆነ፣ የት እንደኖረ፣ ምን ይቅም፣ ምን ያጨስ እንደነበር የተጻፈ ነገር ያስፈልጋል። አርሲ ላይ የምግብ ቧንቧ ካንሰር በዝቶ ሲታይ ተመራማሪዎች ከትኩስ ገንፎ ጀምሮ እስከ ጫት ድረስ ጠይቀዋል። ታማሚው ከየት እንደመጣ ባይታወቅ ያ ጥያቄ መች ይነሣ ነበር? እኛ ጋ ጥያቄው ሞልቷል፤ ከበርጫ ቤት ወጥቶ ወረቀት ላይ ያረፈው ግን ጥቂት ነው።

ክትባቱም አለ። የማሕፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት በአገር ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ሲጀመር የተከተቡት 14 ዓመት የሞላቸው ልጃገረዶች ነበሩ። ያኔ የተከተቡት አሁን ትልልቅ ሴቶች ሆነዋል። ክትባቱ ድሬዳዋና ሐረር ላይ ምን ያህል እንደጠቀመ ከዓመታት በኋላ መጠየቃችን አይቀርም። ዛሬ ያለውን ካልቆጠርን ያኔ ከምን ጋር ልናወዳድረው ነው?

መቁጠር አንችልም የሚል ካለ ምሥራቅ ሐረርጌ፣ ቀርሳ ይሂድ። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ እዚያ ቤት ለቤት እየዞረ ማን እንደተወለደ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን መጥቶ ማን እንደሄደ ይመዘግባል። ሰው ሲሞት ቤተሰቡን ጠይቆ ምክንያቱን ለማወቅ ይሞክራል። እውቀቱ ደጃችን ላይ አለ። ጎድሎ የሚገኘው ብሩ ነው፤ ብሩ ደግሞ የጉዞው ቲሸርት ሆነ።

አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ፓን ማስ ቻሌንጅ የሚባል የሳይክል ጉዞ አለ። ቢሊ ስታር የሚባል ሰው እናቱን በካንሰር ካጣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1980 ጀመረው። የመጀመሪያው ዓመት 36 ሰው ነድቶ 10,200 ዶላር ተገኘ። እስካሁን የሰበሰቡት ከ1 ቢሊዮን ዶላር አልፏል፤ የሚገባውም ቦስተን ላለው የዳና ፋርበር የካንሰር ተቋም ነው። እነሱ ሀብታም ናቸው፣ ከእነሱ ጋር እንፎካከር አልልም። እኔ የቀናሁት በሒሳቡ ነው። ነጂው ከወዳጅ ከዘመድ የሚሰበስበው ገንዘብ ሳይሸራረፍ ለተቋሙ ይገባል። የዝግጅቱ ወጪ በስፖንሰርና በምዝገባ ክፍያ ይሸፈናል። ነጂው ቃል የገባውን ያህል ካልሰበሰበ ደግሞ የጎደለውን ከኪሱ ይሞላል።

እኛ ጋ ግን የከፈልነው የምዝገባ ብቻ ነው። እሱም ከቲሸርቱ ዋጋ ብዙም አይበልጥም። ድንኳን ነበር፣ ባነር ነበር፣ ጆሮ የሚበሳ ሞንታርቦ ነበር። በሙያዬ ገምቼ ስናገር፣ ለምርምር የተረፈው የጠዋት ፈጢራና ሻይ ለመጋበዝም የሚበቃ አይመስለኝም። ግምቴ ከተሳሳተ ደስታውን አልችለውም።

ለሚቀጥለው ጊዜ ቲሸርቱ ይቅር። አሮጌ ሸሚዛችንን ለብሰን እንነዳለን። የግድ ከሆነ ነጋዴ ይስፋልንና ስሙን ጀርባችን ላይ ይጻፍ፤ እኔ በበኩሌ አላፍርም። ነጂው ሳይክሉ ላይ ከመውጣቱ በፊት ከሥራ ባልደረባው፣ ከጎረቤቱ፣ ካናዳ ካለችው የአክስቱ ልጅ ይሰብስብ። የተሰበሰበው በሆስፒታሉና በዩኒቨርሲቲው በኩል ለካንሰር መዝገብ ይግባ። የተጀመረ ካለ ይጠናከር፣ ከሌለ ይጀመር። የሠለጠነ መዝጋቢ፣ ኮምፒውተርና በየግል ክሊኒኩ ለመዞር የትራንስፖርት ወጪ፤ መነሻው ይኼው ነው። የታማሚው ስም ግን በቁልፍ ይያዝ። ከተማችን ትንሽ ናት፤ ጠዋት ሳቢያን የተወራው ከሰዓት ገንደ ቆሬ ደርሷል። ሰው ስሜ ይወጣል ብሎ ከፈራ ከምዝገባው ቀርቶ ከምርመራውም ይሸሻል።

እናንተም አንድ ነገር አድርጉልን። ጉዞውን ያሰናዱትን ጠይቃችሁ የገባውንና የወጣውን አትሙልን። ሩብ ገጽ ይበቃዋል። ሒሳቡን የሚሠራ ሰው ጠፍቶ ከሆነ እኔ አለሁ፤ ክፍያ አልፈልግም። ደረሰኞቹን ብቻ እንዳሉ በካርቶን ያምጡልኝ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ ተሳታፊ፣ ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ