የሐረር ፔጆዎች ለቁራሌ እንዳይሰጡ

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣ ለጋዜጣ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው ግን ይቺን ሳልጽፍ ዝም ብል ይቆጨኛል። እኔና ሁለት ጓደኞቼ የድሮ መኪና ካየን ጉዳያችንን ትተን የምንቆም ሰዎች ነን፣ አንደኛው የአባቱን ቮልስ እስካሁን ይነዳል። ባለፈው ከድሬዳዋ በሚኒባስ ሐረር ገባን፣ ፈረስ መጋላ ስንወርድ ፔጆ 404ዎች ተሳፋሪ እየጠበቁ ቆመዋል። ባለ ቮልሱ ልጅ ሻንጣውን መሬት ጥሎ ሮጠ፣ የኋላዋን ክንፍ በእጁ እየዳሰሰ ቃል አልወጣውም፣ እውነት እላችኋለሁ እንባው መጥቶ ነበር።

404 እኮ ዝም ብላ አሮጌ መኪና አይደለችም፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1960 የወጣች፣ ቅርጿን የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና የሠራላት፣ ሳፋሪ ራሊ የሚባለውን የምስራቅ አፍሪካ የመኪና ውድድር በ1963 ከዛ ደግሞ በ1966፣ 67 እና 68 ሦስት ዓመት ተከታትላ ያሸነፈች መኪና ናት፣ ያ ራሊ ማለት ጭቃና አቧራ ነው አስፋልት እንዳይመስላችሁ። ሾፌሩን ጋሼ ኮፈኑን ይክፈቱልን አልናቸው፣ ሳቅ ብለው ከፈቱልን። ሞተሩ 45 ዲግሪ ጋደም ብሎ ነው የተቀመጠው፣ ኮፈኑ ዝቅ እንዲል ነው እንደዛ ያደረጉት፣ ማርሹ ደግሞ መሪው ስር ነው። ኮምፒውተር የለ ሴንሰር የለ፣ ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር ፈቶ አጥቦ መግጠም የሚችል መካኒክ ካለ ትሄዳለች። ሰውየው ብዙውን እራሳቸው ነው የሚጠግኑት፣ የጎደለውን ከቆመች ሌላ ፔጆ ይፈታሉ፣ እና እኔን ያሳሰበኝ እሱ ነው፣ አንዷን ለማዳን አንዷ ትበላለች፣ ሥራውን ደግሞ ባጃጅ ወስዶታል። ባጃጁን አልጠላም፣ በጠባቡ መንገድ ይሻላል፣ ዋጋውም ለሰው ይቀላል። ግን ፔጆዎቹ አንድ በአንድ በኪሎ ተመዝነው ሲሸጡ ዝም ብለን እንይ?

ሙዚየም ይግቡ አላልኩም፣ ቆመው አቧራ ቢለብሱ ምን ዋጋ አለው። የከተማው አስተዳደር ጥቂቶቹን መርጦ ጁገልን ሊያይ ለሚመጣ እንግዳ ታክሲ ሆነው እንዲሠሩ ቢያደርግ፣ ለመለዋወጫ ቢያግዛቸው ጥሩ ነበር፣ እንግዳ ደግሞ ይከፍላል፣ እኛ ሦስታችን ብቻ እንኳን ለአንድ ዙር የከፈልነውን ብታዩ ሾፌሩ ራሳቸው በዛ ብለው ሊመልሱልን ነበር። እናንተም እባካችሁ ጋዜጠኛ ላኩና ሾፌሮቹን አናግሯቸው፣ ፎቶም አንሱ፣ እነሱ ጋ ያለው የጥገና እውቀት የትም ተጽፎ አላየሁም።

አክባሪያችሁ፣ ከአዲስ አበባ