የአባቴ የምርመራ ውጤት ከአባቴ ጋር ይምጣ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

አባቴ 71 ዓመታቸው ነው፤ የሚኖሩት ደብረ ብርሃን ነው። ስኳር ከያዛቸው 14 ዓመት አልፏል። የሕክምና ወረቀታቸውን ሁሉ አንዲት ሰማያዊ ፌስታል ውስጥ ነው የሚያስቀምጡት። ባለፈው ወር ኩላሊታቸው ያሳስባል ተብሎ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተጻፈላቸው። ላምበረት መናኸሪያ ሲወርዱ ያቺን ፌስታል ደረታቸው ላይ ታቅፈዋት ነበር።

ሐኪሙ ሪፈሩን አነበበ። የላብራቶሪ ወረቀቶቹን ግን ገለጥ ገለጥ አደረገና "እንደገና ይሠራ" አለ። አልፈርድበትም፤ ቀለሙ ደብዝዟል፣ ማኅተሙም አይታይም። ባልተነበበ ወረቀት ማን ደፍሮ መድኃኒት ያዛል? የሆስፒታሉ ማሽን ተበላሽቷል ተባልንና ውጭ አሠራን። 2,300 ብር ከፈልን። ከ11 ቀን በፊት የተሠራው የሦስት ወር ስኳር ምርመራም አብሮ ተደገመ። ይህ ምርመራ ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት አማካይ ነው የሚያሳየው። በ11 ቀን ምን ሊለወጥ?

ማታ ቤት ገብተን የደበዘዘውን ወረቀት በስልኬ መብራት እያበራሁ አነበብኩት። የሦስት ወር ስኳሩ 8.9 ይላል። አዲሱ 9.0። አባቴ "ታዲያ ያው አይደል እንዴ ልጄ?" አሉኝ። ምን ልመልስ?

አባቴ የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አባል ናቸው። መድኑ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ዓላማው ደሃው ሲታመም ጥሪቱን እንዳይሸጥ ነው። ምርመራው መድኑ ውል በገባበት ሆስፒታል ሲደገም ገበሬው ያዋጣው ብር ለአንድ ነገር ሁለቴ ይወጣል። ውጭ ሲሠራ ደግሞ እንደኛ ከኪስ ነው።

በጣም የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። ስንት ሰው በስኳር ታከመ የሚለው ሪፖርት ከጤና ጣቢያ ተነሥቶ ዲኤችአይኤስ ቱ በሚባለው የጤና ሪፖርት ማስተላለፊያ የኮምፒውተር ሥርዓት ጤና ሚኒስቴር ድረስ ይሄዳል። የአባቴ 8.9 ግን 130 ኪሎ ሜትር መሻገር አቃተው። የመመለሻቸውን ብር በቴሌብር ስልክላቸው ወዲያው ነው የገባላቸው።

ፋይዳ ቁጥር አላቸው። ውጤታቸው በዚያ ቁጥር ይመዝገብና የተላኩበት ሆስፒታል ይክፈተው፤ እሳቸው ሲፈቅዱ ብቻ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. ወጥቷልና የሰው ገመና የትም ይበተናል ማለት አይደለም። ስማርት ስልክም አያስፈልግም፤ ቁጥሩ ካርዱ ላይ አለ። ሁሉም ነገር በአንዴ ይሁን አልልም። ቶሎ ቶሎ በሚደገሙት፣ በስኳርና በኩላሊት ምርመራ ይጀመር። መብራት ወይም ኔትወርክ ሲጠፋ ወረቀቱ አለ።

የአባቴ ቀጠሮ ጥር 14 ነው። አዲሶቹን ወረቀቶች ፎቶ አንሥቼ ስልኬ ላይ አስቀምጫለሁ። እሳቸው ግን አላመኑኝም፤ ዋናዎቹን አጣጥፈው ፌስታላቸው ውስጥ ከተዋቸው ነው የሄዱት።

አንባቢያችሁ፣ ከየካ