የውሃ ጎማችንን እንድንጥል እርዱን

ባለፈው ግንቦት ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ድሬ ዳዋ እንደምታውቋት እየነደደች፣ ኳስ ሜዳችን ዳር የተከልናቸውን የኒም ዛፍ ችግኞች በጎማ እናጠጣለን። ውሃው የችግኙን ጉድጓድ ሞልቶ ወደ መንገዱ ይወርዳል። ባዶ ጀሪካን የያዙ አንዲት እናት ቆም ብለው አዩንና፣ «አቦ! አስፋልቱን ከምታጠጡት ለኔ ብትሞሉልኝስ?» አሉን።

ሞላንላቸው። ግን አፈርን።

ሰፈራችን ሳቢያን ነው፤ የከተማዋ የውሃ ጉድጓዶች ያሉበት። ድሬ የምትጠጣው ከመሬት ስር ተስቦ ነው። የደቻቱ ወንዝ እንደሆነ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው፤ ሲመጣ ደግሞ እንዴት እንደሚመጣ የ1998ቱን ጎርፍ ያየ ይንገራችሁ። እና ያን ያህል ተለፍቶበት የወጣውን ውሃ እኛ በጠራራ ፀሐይ እንረጨዋለን። ሥሩ ጋ ሳይደርስ ይተናል።

ከመካከላችን «ሜዳውን ሙሉ ሳር እናልብሰው» ያሉ ነበሩ። ሐሳቡ ያምራል። ቁጭ ብለን አሰላነው። 105 በ68 ሜትር የሆነ ሜዳ 7,140 ካሬ ነው። በዚህ ሙቀት ሳሩ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ውሃ ቢፈልግ፣ ወደ 35,700 ሊትር ይሆናል። በባለ 20 ሊትር ጀሪካን 1,785 ጀሪካን ማለት ነው፣ ለዚያውም በየቀኑ! የሳሩ ነገር እዚያው ቀረ። ልጆቹ እንደለመዱት አፈሩ ላይ ይጫወቱ፤ እኛ የምንፈልገው ዳር ዳሩን ጥላ ነው። ኒም ደግሞ አንዴ ሥር ከሰደደ ድርቅ ይችላል። ችግሩ እስኪያድግ ነው።

ስለዚህ ያሉንን 64 ችግኞች በጠብታ መስኖ ልናጠጣ አስበናል። ቱቦው በየችግኙ ሥር ያልፋል፣ ውሃው ጠብ ጠብ ይላል፣ ላዩን በገለባ እንጎዘጉዘዋለን። የምናጠጣውም ማታ ነው።

እዚህ ላይ የድሬ ልጅ ሁሉ የሚያነሳው ጥያቄ አለ፦ ውሃችን ቱቦውን አይደፍነውም? ይደፍነዋል። ማንቆርቆሪያችሁን ክፈቱና ውስጡን እዩት፤ ያ ነጭ ቅርፊት ጠብታ የሚወጣባትን ቀዳዳ ምን እንደሚያደርጋት መገመት አይከብድም። ርካሹን፣ ቀዳዳው አብሮት የተሠራውን ቱቦ ያልመረጥነው ለዚህ ነው። ማንጠባጠቢያው ተፈትቶ የሚታጠበውን ነው የምንገዛው። መግቢያው ላይ ማጣሪያ ይገባል፣ የቱቦው ጫፍ እየተከፈተ ይታጠባል፣ የተደፈነው አቼቶ ውስጥ ያድራል። አዎ፣ ሥራ አለው። ተራ ይዘናል።

ሌላው የዕቃ ቤታችን ጣሪያ ነው። 120 ካሬ ነው፤ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥልበት ወደ 1,200 ሊትር ይወርዳል። እስካሁን ሁሉም ቦይ ነው የሚገባው። አሸንዳ ገጥመን ወደ ሮቶ ልንመልሰው ነው። የዝናብ ውሃ ቅርፊት የለውም፣ ለማንጠባጠቢያውም እፎይታ ነው። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ሳያመልጠን ብንጨርስ ደስ ይለናል።

የጎደለን ይኸው፦ ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ ሁለት፣ 400 ሜትር ቱቦ ከነማንጠባጠቢያው፣ አንድ ማጣሪያ፣ ሁለት ሳራቺኔስካ፣ 20 ሜትር አሸንዳ። ብር ያለው ከ100 ብር ጀምሮ ያዋጣ። ዕቃ ያለው ዕቃውን ያምጣ፤ ያገለገለ ሮቶ ካልተሰነጠቀ ችግር የለውም። የቧንቧ ሠራተኛ የሆናችሁ አንድ ቅዳሜ ስጡን፣ ምሳ ከኛ። ድሬ ተወልዳችሁ ውጭ ያላችሁም በቤተሰብ በኩል ላኩልን። ገንዘቡ የሚወጣው በሦስት ሰው ፊርማ ነው፤ የተገዛበት ደረሰኝ ሁሉ የዕቃ ቤቱ በር ላይ ይለጠፋል።

እሁድ እሁድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ሜዳው ላይ ታገኙናላችሁ። ከዚያ በኋላ ፀሐዩ አያስቆምም።